«ሲሲው ስንት ነው?» እና «ጉልበቱ ስንት ነው?» ይለያያሉ

ለገጣፎ አካባቢ ስለ ቅንጡ መኪና የሚያወራ ደላላ መጀመሪያ የሚጠራው ሲሲውን ነው። «ሦስት ሺህ ነው፣ ጉድ ሞተር!» ሲሲ ግን ጉልበት አይደለም። ፒስተኖቹ ሲሊንደር ውስጥ ሲወጡና ሲወርዱ የሚሸፍኑት ቦታ ልክ ነው፤ 1,000 ሲሲ 1 ሊትር ማለት ነው።

ቢኤምደብሊው 330አይ (330i) የሚባለውን መኪና እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ባለ 3 ሊትር ነበር፤ 231 የፈረስ ጉልበት። የ2019 ሞዴሉ 2 ሊትር ብቻ ሆኖ 258 ይሰጣል። ሚስጥሩ ተርቦው ነው፤ በሚወጣው ጭስ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ ይጨምቃል። (ስሙ ላይ ያለው 30 ድሮ ሊትሩን ይናገር ነበር። አሁን እንዲያው ማዕረግ ሆኗል።)

እኛ ጋ ደግሞ ከፍታው አለ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን ስትወጡ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ባለ ተርቦው አብዛኛውን ያካክሳል።

ታክሱ ግን ለፈረስ ጉልበት ደንታ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ የቤት መኪና ላይ የሚያየው ሲሲና ዕድሜ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሲሲ ያስከፍላል፤ ያስሮጣል ማለት ግን አይደለም። እንደ ድሮው ባለ 3 ሊትር 330አይ ያለ የስድስት ሲሊንደር ሞተር ልስላሴና ድምፅ የሚወዱ አሉ፤ እነሱ ላይ አልፈርድም።