የኬብሮን ድርብ ዋሻ፦ በአንድ መቃብር ላይ የቆመ የአይሁድና የዐረብ የይገባኛል ጥያቄ

ኬብሮን ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ900 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዌስት ባንክ ካሉት የፍልስጤም ከተሞች ትልቋ ናት። ዐረቦች አል-ኸሊል ይሏታል። ኸሊል ወዳጅ ማለት ሲሆን፣ ወዳጁ «የአላህ ወዳጅ» የተባለው ኢብራሂም ነው (በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ የተለመደው ኸሊል የሚለው የወንድ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው)። የዕብራይስጡን ስም፣ ሔቭሮንን፣ ብዙዎች ጓደኝነትን ከሚያመለክት ሥርወ ቃል ጋር ያያይዙታል። ሁለቱ ስሞች በትርጉም ይቀራረባሉ። ተናጋሪዎቻቸው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲካሰሱ ኖረዋል።

የክርክሩ እምብርት በአሮጌው ከተማ ያለው የአባቶች መቃብር ነው። አይሁድ መዓራት ሃመክፔላ፣ ሙስሊሞች አል-ሐረም አል-ኢብራሂሚ ይሉታል። መክፔላ የሚለው ቃል እጥፍ መሆንን ስለሚያመለክት፣ የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «ድርብ ዋሻ» ብሎታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የምናገኘው ድርብ የሚለውን ፍች ነው። አብርሃምና ሣራ፣ ይስሐቅና ርብቃ፣ ያዕቆብና ልያ በዚያ ተቀብረዋል፤ የአይሁድ ትውፊት አዳምንና ሔዋንንም ይጨምራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 28 ቀን የሚታሰቡት ሦስቱ አበው፣ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ፣ እነዚሁ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግዢው ውል

ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 በሣራ ሞት ይጀምርና ወዲያው ወደ መሬት ሽያጭ ይገባል። አብርሃም በከነዓን መጻተኛ ስለነበረ የሚቀብርበት ርስት አልነበረውም። ስለዚህ በከተማይቱ በር፣ በኬጢ ልጆች ፊት ጥያቄውን አቀረበ። ባለመሬቱ ኤፍሮን በመጀመሪያ «እሰጥሃለሁ» አለ። አብርሃም ግን ስጦታ ነገ እንደሚያከራክር የገባው ይመስላል፤ «ዋጋውን ተቀበለኝ» ብሎ ጸና። ኤፍሮን 400 ሰቅል ብር ጠራ፣ አብርሃምም ዋጋ ሳይቀንስ መዝኖ ከፈለ። አንድ ሰቅል ከ11 ግራም ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ጠቅላላ ክፍያው አራት ኪሎ ተኩል ያህል ብር ነው። ዳዊት የኦርናን አውድማ ከነበሬዎቹ በ50 ሰቅል፣ ኤርምያስ የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል መግዛታቸው ሲታሰብ የኤፍሮን ዋጋ ውድ ነበር። ጽሑፉ የተሸጠውንም ይዘረዝራል፦ እርሻው፣ ዋሻው፣ በእርሻው ዙሪያ ያሉት ዛፎች በሙሉ። ዋጋ፣ ሚዛን፣ ድንበርና ምስክር የተሟሉበት ውል ነው።

የአይሁድ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። ጥንታዊው የዘፍጥረት ሚድራሽ (የአይሁድ ሊቃውንት ማብራሪያ)፣ ሕዝቦች እስራኤልን «ሰርቃችሁ ነው» ሊሉባቸው የማይችሉ ሦስት ቦታዎችን ሲጠቅስ የመክፔላን ዋሻ፣ የመቅደሱን ቦታና የዮሴፍን መቃብር ይጠራል፤ ሦስቱም በገንዘብ የተገዙ ናቸውና። ዳዊትም ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዱ በፊት ሰባት ዓመት ከስድስት ወር የነገሠው በኬብሮን ነው።

በሌላ በኩል፣ ሽያጩን የሚያረጋግጥ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ማስረጃ አልተገኘም። በዋሻው ውስጥ ሥርዓት ያለው ቁፋሮ ተደርጎ አያውቅም። ቴል ሩመይዳ በተባለው ኮረብታ ላይ የተቆፈረው የመካከለኛው ነሐስ ዘመን ግንብ ከተማዋ እጅግ ጥንታዊ መሆኗን ቢያሳይም ስለ ገዢና ሻጭ የሚለው ነገር የለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 የእስጢፋኖስ ንግግር ደግሞ አብርሃም የገዛውን መቃብር በሴኬም ያደርገዋል፤ ተርጓሚዎች እስከ ዛሬ ይነጋገሩበታል። አንዳንድ የፍልስጤም ጸሐፊዎች ውሉን ራሱን ገልብጠው ያነቡታል፦ ሻጭ ካለ፣ ከገዢው በፊት ባለርስት ነበረ ማለት ነው ይላሉ።

አንድ ጥቅስ ሁለቱንም ወገን ያገናኛል። በዘፍጥረት 25፥9 አብርሃምን የቀበሩት «ልጆቹ ይስሐቅና እስማኤል» ናቸው።

ስጦታውና ወቅፉ

በሙስሊሞች በኩል ኢብራሂም ነቢይ ነው። ቁርኣን (3፥67) አይሁዳዊም ክርስቲያንም እንዳልነበረ፣ ቀጥተኛ ሙስሊም እንደነበረ ይናገራል። ስለዚህ መቃብሩን መጠበቅ የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ግዴታ ይሆናል። ከዚህም በላይ ዐረቦች የራሳቸው ሰነድ አላቸው። ከክርስትና ወደ እስልምና የገባው ተሚም አድ-ዳሪ ነቢዩ ሙሐመድን በጠየቀ ጊዜ፣ ኬብሮንንና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮችን ለእርሱና ለዘሮቹ እንደሰጡት ይነገራል። አካባቢው ገና በቢዛንታይን እጅ ስለነበረ ስጦታው ከድሉ በፊት የተሰጠ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች የሰነዱን እውነተኛነት ይጠራጠራሉ። ሆኖም በስሙ የቆመው ወቅፍ (ለሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት በቋሚነት የተሰጠ ንብረት) ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል፣ የተሚሚ ቤተሰብም ዛሬ ድረስ በከተማዋ አለ። ወቅፍ የሆነ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የአይሁድ ክርክር በማይሻር ሽያጭ ላይ፣ የዐረቦቹ በማይሸጥ ስጦታ ላይ መቆሙ ጉዳዩን በዳኛ እንኳ ለመፍታት አስቸጋሪ ያደርገዋል።

ከወቅፉ ፍሬዎች እጅግ የሚያስመሰግነው ወጥ ቤቱ ነው። ኢብራሂም እንግዳ ሳይዝ አይበላም ነበር በሚለው ትውፊት መሠረት ለመጣ ሁሉ በነፃ ምግብ ይሰጣል። በ1047 የጎበኘው ፋርሳዊው ተጓዥ ናስር ኹስራው ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ዳቦ፣ በወይራ ዘይት የበሰለ አንድ ሳሕን ምስርና ዘቢብ ይታደል እንደነበር፣ በአንዳንድ ቀን እንግዶቹ 500 ይደርሱ እንደነበር ጽፏል። ተኪያ የሚባለው ይህ ወጥ ቤት ዛሬም ያበስላል፣ በረመዳን ደግሞ ሰልፉ ይረዝማል።

ሕንፃው

ዋሻውን የከበበው ግንብ ርዝመቱ 59 ሜትር፣ ወርዱ 34 ሜትር ገደማ ነው። የግድግዳው ውፍረት ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ ከድንጋዮቹ ትልቁ ከ7 ሜትር ይበልጣል። ጠራቢዎቹ የእያንዳንዱን ድንጋይ ጠርዝ ዝቅ አድርገው መሐሉን አስተካክለውታል፤ በኢየሩሳሌም የመቅደስ ተራራ ግንብ ላይ የሚታየው እጅም ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት የታላቁ ሄሮድስ ሥራ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል፣ ምንም እንኳ የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ሄሮድስ ሠራው ባይልም። ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሳይፈርስ ቆሟል።

በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከጣሊያኗ ፒያቼንዛ የመጣ ተሳላሚ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን አግኝቷል፤ በመካከሉ መከለያ ነበረ፣ በአንዱ ወገን ክርስቲያኖች፣ በሌላው አይሁድ ይገቡ ነበር። ሕንፃው ዛሬ በሙስሊሞችና በአይሁድ መካከል መከፈሉን አዲስ ነገር አድርገው ለሚያዩ ይህ መታወስ አለበት። ዐረቦች በሰባተኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን ሲይዙ ሕንፃው መስጊድ ሆነ። መስቀል ጦረኞች መልሰው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። በ1187 ሳላሐዲን አስመለሰው፣ ከአስቀሎና ያመጣውንም ሚንበር (የመስጊድ ስብከት መድረክ) አቆመበት። በ1091 ገደማ ለፋጢማውያን የተሠራው ይህ የእንጨት ሚንበር ዛሬም በቦታው አለ።

ጎብኚ የሚያያቸው በጥልፍ ልብስ የተሸፈኑት ትልልቅ ሣጥን መሰል ሐውልቶች ምልክቶች እንጂ መቃብሮቹ አይደሉም፤ ዋሻው ከወለሉ ሥር ነው። በይስሐቅ አዳራሽ ወለል ላይ፣ በአራት ዓምድ ከተያዘ ጉልላት ሥር፣ 28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ አለች። ዐዋቂ ሰው ስለማያሳልፍ በ1968 እስራኤላውያን በሌሊት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በገመድ አወረዱባት። ልጅቱ ትንሽ ክፍል፣ ከእርሱ የሚነሣ 17 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያና 16 ደረጃዎች አግኝታ ለካች። ደረጃዎቹ የሚያበቁት ከሚንበሩ አጠገብ ባለው ወለል ሥር፣ በድንጋይ በተዘጋ አፍ ነው።

ሰባተኛዋ ደረጃ

የማምሉኩ ሱልጣን በይበርስ በ1260ዎቹ አይሁድና ክርስቲያኖች ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። ለአይሁድ በውጭው መወጣጫ እስከ አምስተኛዋ፣ ኋላም እስከ ሰባተኛዋ ደረጃ ድረስ እንዲወጡ ተፈቀደ። በዚያ ቆመው ይጸልዩ፣ በግድግዳው ስንጥቅም የጸሎት ወረቀት ያስገቡ ነበር። እገዳው ሰባት መቶ ዓመት ዘለቀ። ከክርስቲያኖች በጥቂቱ የገቡት እንደ እንግሊዙ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ (በ1862) ያሉ ልዩ ፈቃድ ያገኙ ናቸው። በ1967 ጦርነት እስራኤል ከተማዋን ስትይዝ በሩ ለአይሁድ ተከፈተ፣ መወጣጫውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

በአራት መቶ ዓመታቱ የኦቶማን ዘመን፣ ከስፔን የተሰደዱ አይሁድ በ1540 የአብርሃም አቪኑን ምኩራብ ሠሩ፤ ዘመኑ ግን ሁልጊዜ ጸጥ ያለ አልነበረም፣ በ1834 የግብፅ ጦር ከተማዋን በኃይል ይዞ ዘርፏታል።

1929

በእንግሊዞች የ1922 ቆጠራ ከ16,577 ነዋሪዎች አይሁድ 430 ነበሩ። አብዛኞቹ ዐረብኛ ተናጋሪ የቆዩ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ኋላ የየሺቫ (የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪዎች ተጨመሩ። በኢየሩሳሌም የምዕራቡ ግንብ ጠብ በተጋጋለበት ሳምንት፣ አይሁድ አል-አቅሷን ሊይዙ ነው የሚል ወሬ ተናፈሰ። ቅዳሜ ኦገስት 24 ቀን 1929 የታጠቀ ሕዝብ ቤት ለቤት እየዞረ 67 አይሁዶችን ገደለ። በከተማዋ የነበረው እንግሊዛዊ የፖሊስ መኮንን አንድ ብቻ ነበር፣ ረዳት ኃይልም የደረሰው ዘግይቶ ነው። ብዙዎች የተረፉት ዐረብ ጎረቤቶቻቸው በቤታቸው ደብቀዋቸው ነው። በጽዮናውያን መዝገብ የሰፈረው ዝርዝር የዳኑትን ከ400 በላይ ያደርሳቸዋል፤ ቁጥሩ በዛ የሚሉም አሉ። የተረፉት ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰዱ። ጥቂቶች በ1931 ተመለሱ፣ በ1936 እንደገና ወጡ።

ለዛሬዎቹ ሰፋሪዎች መመለሳቸው የዚያ ጭፍጨፋ ካሳ ነው። ፍልስጤማውያን ደግሞ የተገደሉት የከተማዋ የቆዩ ጎረቤቶች እንደነበሩ፣ ሰፋሪዎቹ ግን ወራሾቻቸው እንዳልሆኑ ይናገራሉ። የተራፊዎቹ ዘሮችም በዚህ ተከፍለዋል።

ከ1967 ወዲህ

በ1968 በራቢ ሞሼ ሌቪንገር የሚመሩ ቤተሰቦች ለፋሲካ በአንድ ሆቴል አርፈው አልወጣም አሉ። ከዚህ የተነሣ ቂርያት አርባ የተባለው ሰፈራ ከከተማዋ ጎን ተመሠረተ። በ1979 የሰፋሪ ሴቶችና ልጆች በከተማዋ መሐል ወዳለው የቀድሞ የአይሁድ ሕንፃ፣ ወደ ቤት ሃዳሳ፣ ገቡ። ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ሰፈራዎቹን ሕገ ወጥ ሲላቸው እስራኤል ይህን አትቀበልም።

ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1994፣ የአይሁድ በዓል ፑሪም በረመዳን ዓርብ በዋለበት ቀን፣ የቂርያት አርባው ሐኪም ባሩክ ጎልድስታይን በንጋት ሶላት ላይ የነበሩ 29 ሰጋጆችን በጥይት ገደለ። የሕንፃው ክፍፍል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1997 በተፈረመው የኬብሮን ፕሮቶኮል ከተማዋም ተከፈለች፦ ኤች 1 የተባለው 80 በመቶ ገደማ በፍልስጤም አስተዳደር፣ መቃብሩንና አሮጌውን ከተማ የያዘው ኤች 2 በእስራኤል ጦር ቁጥጥር ሥር ሆነ። በኤች 2 ጥቂት መቶ ሰፋሪዎች በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን መካከል ይኖራሉ። ዋናው የሹሃዳ ጎዳና ለፍልስጤማውያን መኪናዎች፣ በአብዛኛውም ለእግረኞቻቸው ተዘጋ፤ ሱቆቹም ተቆለፉ።

የክፍፍሉ አሠራር

ከሕንፃው 60 በመቶ ያህሉ ለሙስሊሞች፣ ቀሪው ለአይሁድ ነው። የይስሐቅና የርብቃ ትልቁ አዳራሽ በመስጊዱ በኩል፣ የያዕቆብና የልያ በምኩራቡ በኩል ነው። የአብርሃም ሐውልት በመካከል ሆኖ ከሁለቱም ወገን በፍርግርግ ይታያል። በዓመት አሥር አሥር ቀን ሕንፃው በሙሉ ለአንዱ ወገን ይለቀቃል። የሙስሊሞቹ የረመዳን ዓርቦች፣ ለይለቱል ቀድር፣ ሁለቱ ኢዶች፣ መውሊድና የመሳሰሉት ናቸው። ከአይሁድ ቀናት ብዙ ሕዝብ የሚመጣበት ዘፍጥረት 23 በምኩራብ የሚነበብበት ሰንበት ነው።

ችግሩ የዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው። የሙስሊሙ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የአይሁዱ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ እንደሚረዳው፣ በ19 ዓመት ሰባት ጊዜ አንድ ወር ይጨምራል። ስለዚህ በዓላቱ አልፎ አልፎ ይገጣጠማሉ። በ2022 ረመዳንና የአይሁድ ፋሲካ በአንድ ወር ዋሉ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ፍተሻው ይጠብቃል፣ ወታደርም ይበዛል። የአዛን መጥሪያ ክፍሉ በአይሁድ በኩል ስለሆነ ሙአዚኑ የሚገባው በወታደሮች ፈቃድ ነው።

የጥገና ፈቃድ ሌላው መጋጫ ነው። በ1997ቱ ስምምነት የግንባታ ፈቃድ ሰጪው የኬብሮን ማዘጋጃ ቤት ነበር። እስራኤል ለአካል ጉዳተኞች ሊፍትና መወጣጫ ለመሥራት በ2020 መሬት ወስዳ በ2021 ሥራ ስትጀምር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሥልጣኔን ነጠቀኝ አለ። ዩኔስኮ በጁላይ 2017 አሮጌውን ከተማ በፍልስጤም ስም፣ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ተርታ መዝግቦት ነበር፤ ድምፁ 12 ለ 3፣ ድምፀ ተዐቅቦ 6። እስራኤል ቀደም ብላ በ2010 መቃብሩን በብሔራዊ ቅርሷ ዝርዝር አስገብታለች።

ጎብኚ በአንድ ቀን ሁለቱንም ወገን ማየት ይችላል፤ ዓርብ መስጊዱ፣ ቅዳሜ ምኩራቡ ለእንግዳ አይመችም። በኬላው ሃይማኖት ይጠየቃል፣ ፓስፖርት መያዝ ግድ ነው። በመስጊዱ በኩል ጫማ ይወልቃል፣ ለሴቶች ቆብ ያለው መጎናጸፊያ በመግቢያው ይሰጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ ማለፍ አይቻልም፤ ወጥቶ፣ ግንቡን ዞሮ፣ እንደገና መፈተሽ ነው።