መተማ ላይ የሚቆም ፍርድ፦ ስለ ጎረቤት ሀገር ንግድና ክርክር በጎጃም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቡሬ ላይ በርበሬ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ አንድ አዛውንት ነጋዴ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የጥብቅና ቢሮዬ መጡ። በፌስታል የጠቀለሉትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ልጄ፣ ክርክሩን ጨርሼዋለሁ፤ የቀረኝ ማስፈጸም ብቻ ነው» አሉኝ። እውነትም ፍርዱ ሙሉ ነው። ማኅተም አለው፣ የዳኞች ፊርማ አለው፣ ተከሳሹ ዋናውን ገንዘብ ከነወለዱ እንዲከፍል ያዝዛል። ተከሳሹ ሱዳን ውስጥ ያለችው የገዳሪፍ ከተማ ሰው ነው፤ መጥሪያ ወጥቶ ስላልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ታይቷል።

«አባባ፣ ይህ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ምን አለው?»

«ምን ይኖረዋል፤ ቤቱም ሱቁም እዚያው ነው።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ አልራቀም። እሳቸው ብቻ አይደሉም የሚሳሳቱት። ከዳንግላም ከፍኖተ ሰላምም ከደብረ ማርቆስም የሚመጡ ነጋዴዎች ተመሳሳይ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ፍርድ በእጄ ካለ የትም ሀገር ይፈጸምልኛል»

አይፈጸምም። የአንድ ሀገር ዳኛ ሥልጣን የሚያበቃው የዚያ ሀገር ድንበር ላይ ነው። የባሕር ዳር ፍርድ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሕግ ነው፤ ጥቂት እርምጃ ተሻግሮ ገላባት ሲደርስ ግን የሱዳን ፍርድ ቤት ተቀብሎ እንዲፈጸም ካላዘዘ በቀር ወረቀት ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የራሳችንን ሕግ ማየት ይበቃል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 456 እስከ 461 ድረስ የውጭ ሀገር ፍርድ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚፈጸም ይደነግጋል። ዋናው አንቀጽ 458 ነው፤ አምስት ነገሮችን ይጠይቃል። ፍርዱን የሰጠው ሀገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆን አለበት። ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመ መሆን አለበት። ተከሳሹ ቀርቦ ለመከላከል ዕድል ያገኘ መሆን አለበት። ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት። በመጨረሻም ከሕዝብ ሰላምና ከመልካም ጠባይ ጋር የሚቃረን መሆን የለበትም።

ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያሰናክለው የመጀመሪያው ነው። «የእኔን ታስፈጽማለህ? እንግዲያውስ የአንተን አስፈጽማለሁ» ዓይነት ነው። እኛ ይህን ስንጠይቅ ጎረቤቶቻችንም በየራሳቸው መንገድ ይጠይቁናል። ኬንያ ፍርዳቸውን በቀላል ሥርዓት መዝግባ የምታስፈጽምላቸውን ሀገሮች በሕጓ ዘርዝራለች፤ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ አሉበት፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ የእኛን ፍርድ ይዞ ናይሮቢ የሚሄድ ሰው ፍርዱን እንደ ዕዳ ማስረጃ አድርጎ እንደገና መክሰስ ይጠበቅበታል።

አባባ ተከሳሹ በሌለበት ስላስፈረዱት ፍርድ ያለውን ችግር ደግሞ ከሦስተኛው መስፈርት ታዩታላችሁ። መጥሪያው ለሰውዬው በትክክል ለመድረሱ ማስረጃ ከሌለ፣ በየትኛውም ሀገር የሚገኝ ጠንቃቃ ዳኛ መጀመሪያ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ፍርድ ነው። መጥሪያ ውጭ ሀገር በደንብ ማድረስ ወራት ይወስዳል፤ ይህን ለማሳጠር የሚደረግ ሩጫ ኋላ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል።

እኔ ደንበኞቼን የምጠይቀው «ታሸንፋለህ ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ንብረቱ የት ነው?» ብዬ ነው። ንብረቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጎንደር መጋዘን ውስጥ ያለ ሰሊጥ ወይም ባንክ ያለ ገንዘብ፣ ያው የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 151 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊትም ንብረቱ እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥና እንዳይሸሽ እንዲያዝ፣ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። ተከሳሹ ፍርዱን ለማክሸፍ ንብረቱን ሊሸጥ ወይም ሊያሸሽ መሆኑን ለዳኛው ማሳየት ያስፈልጋል። መኪናው ጭኖ መተማን ካለፈ በኋላ ግን አቤቱታው ዋጋ የለውም። ጊዜው የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ እኛ ደግሞ ሽማግሌ እየላክን ሳምንታት እናሳልፋለን።

«ጉዳዩን ለወረዳ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ፤ ቅርቤ ነው»

ቅርበት ሥልጣን አይሰጥም። የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግን፣ ማለትም ከአንድ በላይ ሀገርን የሚነካ የግለሰቦች ጉዳይን፣ የሚመለከቱ ክርክሮችና የውጭ ፍርድ የማስፈጸም አቤቱታዎች በሕግ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰጡ ናቸው። ይህ ማለት ግን ነጋዴው አዲስ አበባ ይመላለስ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ስላደረገ፣ የጎጃም ሰው በር ባሕር ዳር ነው። በወረዳ ተጀምሮ ሦስት ዓመት ከሄደ በኋላ «ሥልጣን የለውም» ተብሎ የተዘጋ መዝገብ አይቻለሁ። ባለጉዳዩ ያለቀሰው ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ ስለ ሦስቱ ዓመት ነበር።

«የቃል ውል ዋጋ የለውም» እና ተቃራኒው «ቃልና ዋስ ይበቃል»

ሁለቱንም እሰማለሁ፤ ሁለቱም ግማሽ ስሕተት ናቸው። ጎጃም በቃልና በዋስ የነገደ ሀገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በባሶ ገበያ ከግቤ ማዶ የመጣ ነጋዴና ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ይገናኙ ነበር፤ ሲጣሉም የነጋዴዎች አለቃ የነበረው ነጋድራስ ይዳኛቸው ነበር። ያ ልማድ አሁንም ደማችን ውስጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ልማዱን ሙሉ በሙሉ አልጣለውም፤ በአንቀጽ 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በማናቸውም መንገድ ሊደረግ ይችላል። ሃምሳ ኩንታል በርበሬ በቃል ሸጦ በምስክር ማስረዳት ይቻላል።

ችግሩ የሚመጣው ከሽያጩ ጎን በሚደረጉት ነገሮች ላይ ነው። መተማ ያለው ደላላ «እኔ ዋስ ነኝ፤ ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ይላል፤ ሻጩም ይህን ተማምኖ ይጭናል። ሕጉ ግን በአንቀጽ 1725 እና 1922 ዋስትና በጽሑፍ ካልተደረገና ዋሱ እስከ ስንት ገንዘብ ድረስ እንደሚጠየቅ ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። ጽሑፉ ደግሞ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። አሥር ሰው የሰማው ዋስትና፣ ወረቀት ላይ ከሌለ፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ የለም። ብድርም እንዲሁ ነው። ገዢው «ለመኪና ኪራይ ጎደለኝ» ሲል 300 ሺህ ብር የሚያበድር ነጋዴ አለ። በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በእምነት ቃል፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ካልሆነ በምስክር አይረጋገጥም። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የሁለት ሰው ምሳ ነው፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው በከንቱ አይደለም።

«የግልግል ዳኝነት ማለት ሽምግልና ነው፤ ባልወደው እተወዋለሁ»

ከሁሉም በላይ ጎጂ የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴውን ካሉት መንገዶች ሁሉ ከሚሻለው ያርቀዋል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ባትታረቅ ቂም እንጂ ዕዳ የለብህም። የግልግል ዳኛ ግን ይፈርዳል። ተዋዋዮቹ በጽሑፍ ተስማምተው የመረጡት ዳኛ የሰጠው ውሳኔ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ይህንኑ በዝርዝር ይገዛል።

ለድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የኒውዮርክ ስምምነት የሚባለው የ1958 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል ሀገሮች በሌላው ሀገር የተሰጠን የግልግል ውሳኔ ተቀብለው እንዲያስፈጽሙ ያስገድዳል። ፍሬ ነገሩን እንደገና አይመረምሩም፤ የሚያዩት ጥቂት ነገሮችን ነው፦ ተከሳሹ ስለ ክርክሩ ያውቅ ነበር ወይ፣ ዳኛው ከተሰጠው ሥልጣን አልፏል ወይ፣ ውሳኔው የሀገሩን የሕዝብ ሥርዓት ይጻረራል ወይ የሚሉትን። ጅቡቲ በ1975፣ ኬንያ በ1981፣ ሱዳን በ2010 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀላቅለዋል። እኛ ዘግይተን በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 አጸደቅነው፤ ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ተፈጻሚ ሆነ። ኢትዮጵያ ስትገባ የንግድ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን፣ ወደ ኋላም እንዳይሠራ ገደብ አድርጋለች፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተደረገ የግልግል ስምምነት አይጠቀምበትም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የአባባ የፍርድ ቤት ውሳኔ ገላባት ላይ ይቆማል፤ በውላቸው ላይ ሁለት መስመር የግልግል አንቀጽ ቢኖር ኖሮ ግን ውሳኔው የሚሻገርበት ስምምነት ነበረ። በእርግጥ ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ናት፤ ስምምነት ስላለ ብቻ ነገ ጠዋት ይፈጸማል ብዬ ማንንም አላታልልም። ለጅቡቲና ለኬንያ ግን ነገሩ ከዚህ ይሻላል።

አንቀጹ ሲጻፍ ክርክሩ በየት ከተማ እንደሚካሄድ፣ ዳኛው አንድ ይሁን ሦስት፣ በምን ቋንቋ እንደሚሰማ ይገለጽ። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው፤ ናይሮቢም የራሷ ማዕከል አላት። ወጪው ግን ቀላል አይደለም። የሁለት መቶ ሺህ ብር ሽያጭ ላይ ሦስት የግልግል ዳኛ መጻፍ ለበግ ዝሆን የሚያክል ጋጣ መሥራት ነው። ለእንዲህ ያለው ሽያጭ መፍትሔው ገንዘቡን አስቀድሞ መቀበል ነው።

«ጦርነት ስለሆነ፣ መንገድ ስለተዘጋ ከውሉ ነጻ ነኝ»

በእኛ አካባቢ ሰሞኑን በብዛት የሚነሣ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይልን ይቀበላል፤ በአንቀጽ 1793 ከዘረዘራቸውም አንዱ ጦርነት ነው። ነገር ግን አንቀጽ 1792 ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው መሆኑን፣ ውሉንም ፈጽሞ እንዳይፈጽም ያገደው መሆኑን።

መንገዱ በየሳምንቱ እንደሚዘጋና እንደሚከፈት እያወቀ ዛሬ ውል የፈረመ ሰው «አላሰብኩትም ነበር» ማለት ይቸግረዋል። መኪና ኪራይ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለትም አይበቃም፤ በአንቀጽ 1764 መሠረት ውል መፈጸም ከታሰበው በላይ ከባድ ስለሆነ ብቻ ውሉ አይቀርም። የዋጋ መናርም ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደማይባል አንቀጽ 1794 ይናገራል። መድኃኒቱ ውሉ ላይ ነው። መንገድ ከዚህን ያህል ቀን በላይ ከተዘጋ ማን ይጠብቃል፣ የመጋዘኑን ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ውሉ መቼ ይቀራል የሚለውን ዛሬ መጻፍ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

«ፖሊስ ይያዝልኝ።» ዕዳ አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም የውል ግዴታን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ ሰው አይታሰርም ይላል። ከመጀመሪያው የማታለል ሐሳብ ከነበረ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692፣ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ባንክ በቂ ገንዘብ የሌለው፣ ቼክ ከተሰጠ በ693 ሊያስከስስ ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ኤልሲ ተከፍቶልኛል፤ ባንኩ ዕቃዬን አይቶ ይከፍላል።» ኤልሲ ባንክ የተባሉት ሰነዶች ሲቀርቡለት ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ግዴታ ነው፤ ባንክ በርበሬ አያይም፤ ሰነድ ያያል። በጭነት ሰነዱ ላይ ያለው መጠን በኤልሲው ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ ዕቃው ማር ቢሆንም ክፍያው ይንጠለጠላል።

«በጨለማ የተሻገረ ዕቃም ገንዘቡን አያስቀርብኝም።» ያስቀራል። ሕገ ወጥ ጉዳይ ያለው ውል በፍርድ ቤት አይፈጸምም፤ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) የሌለው ከሳሽ ዳኛ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው።

«አሁን የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና ስላለ በእሱ እከሳለሁ።» የቀጣናው የክርክር መፍቻ ሥርዓት የተሠራው መንግሥት መንግሥትን እንዲጠይቅበት ነው። የቡሬ ነጋዴ የገዳሪፍን ነጋዴ በእሱ አይከስም።

አባባን ያሰናበትኳቸው ግን ባዶ እጃቸውን አይደለም። ወሬ ስናጣራ የገዳሪፉ ሰው ለአንድ የጎንደር ነጋዴ ሰሊጥ አምጥቶ ገንዘቡን ገና እንዳልተቀበለ ሰማን። በሦስተኛ ወገን እጅ ያለ የባለዕዳ ገንዘብም በአፈጻጸም ሊያዝ ይችላል። አቤቱታውን ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አስገባን፤ አባባም ያንን ፌስታል መልሰው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ «ይቆየኝ፣ ደረሰኙን እይዝበታለሁ» እያሉ።