ፒጂዲቲ ምንድን ነው? ዲግሪ ይዞ ወደ መምህርነት የሚገባበት መንገድ

ፒጂዲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ የተመረቀ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ለመሆን የሚወስደው የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው። ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ ቢሆንም ማስተርስ አይደለም፣ በማስተርስ ምትክም አይቆጠርም። በፊዚክስ፣ በሒሳብ፣ በታሪክ ወይም በእንግሊዝኛ የተመረቀ ሰው የተመረቀበትን ትምህርት እዚህ እንደገና አይማርም። የሚማረው ያንኑ የሚያውቀውን ነገር ለ15 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያስተምረው ነው።

አጀማመሩን ማወቅ ፕሮግራሙን ለመረዳት ይረዳል። በ1995 ዓ.ም. ቴሶ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ሲመጣ፣ የትምህርት ዓይነቱና የማስተማር ዘዴው በቢኤድ (በመምህርነት የመጀመሪያ ዲግሪ) ውስጥ ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር። በዚያ አሠራር ላይ ይነሣ የነበረው ዋና ቅሬታ ሁለቱም ጊዜ እየተሻሙ መምህሩ በራሱ የትምህርት ዓይነት ሳይበስል ይወጣል የሚል ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ፒጂዲቲ ሁለቱን ለያያቸው፤ መጀመሪያ የሦስት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ሥልጠና። አካሄዱ እንግሊዞች ፒጂሲኢ ከሚሉት ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የመምህርነት ሥልጠና ጋር ይቀራረባል። ኋላ ላይ ከዲግሪው ጋር አብሮ የሚሰጠው የቢኤድ ሥልጠና ተመልሷል። ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ማስተማርን ለሚመርጥ ሰው ግን ዋናው በር አሁንም ፒጂዲቲ ነው።

መግቢያው ላይ ብዙ አመልካች የሚሰናከለው የያዘው ዲግሪ በትምህርት ቤት ከሚሰጥ የትምህርት ዓይነት ጋር ባለመግጠሙ ነው። ሥልጠናው የተዋቀረው በትምህርት ዓይነት ነው፤ የባዮሎጂ ሠልጣኝ የባዮሎጂ ማስተማሪያ ዘዴ ይማራል፣ የጂኦግራፊውም የጂኦግራፊን። በማኔጅመንት ወይም በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ ሰው ዲግሪው ምንም ያህል ከባድ ቢሆን በየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚመደብ ካልታወቀ ማመልከቻው አይራመድም። ስለዚህ ከምዝገባው በፊት የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ የዘረዘራቸውን የዲግሪ ዓይነቶች አንድ በአንድ ማየት፣ ስሙ በትክክል ያልሰፈረ ዲግሪ ያለው ደግሞ ከሬጅስትራር የጽሑፍ ምላሽ መጠየቅ ይገባል። የቃል «ችግር የለውም» በምደባ ቀን አይሠራም።

ሥልጠናው በመደበኛ መርሐ ግብር በአንድ ዓመት ያልቃል። ዲግሪ ይዘው ቀድሞውኑ በማስተማር ላይ ያሉ ሰዎች በክረምት መርሐ ግብር ይወስዱታል። የክረምቱ ዕድል ክፍል ውስጥ የገጠማቸውን ችግር ይዘው መምጣታቸው ነው፤ አደጋው ደግሞ ለዓመታት የለመዱትን አሠራር ሳይፈትሹ ይዘውት መመለሳቸው።

ኮርሶቹ የታዳጊዎችን ሥነ ልቦናና አማማር፣ የሥርዓተ ትምህርት አወጣጥን፣ አካታች ትምህርትን፣ የትምህርት ቴክኖሎጂን፣ ምዘናን፣ ተግባራዊ ምርምርንና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎትን ይነካሉ። እንግሊዝኛው የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ መምህሩ ሐሳቡን በሌላ አነጋገር ደግሞ ማስረዳት ካልቻለ ተማሪው የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር ሸምድዶ ይቀራል።

ከእነዚህ ሁሉ ክብደት የሚሰጠው የትምህርት ዓይነቱ ማስተማሪያ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳየው፣ አንድን ትምህርት ማወቅና ያንን ትምህርት ማስተማር ማወቅ የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። ምሳሌ እንውሰድ። የፊዚክስ ምሩቁ ከረንት በተከታታይ በተያያዘ ሰርኪዩት ውስጥ የትም ቦታ እኩል መሆኑን ያውቃል። ተማሪዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከረንቱ በመጀመሪያው አምፖል ተበልቶ ለሁለተኛው ትንሽ ብቻ የሚደርስ ይመስላቸዋል። ይህን የማያውቅ መምህር የኦምን ሕግ ቀመር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም ቁጥር እየተኩ በትክክል ያሰላሉ፣ የተሳሳተው ሐሳብም እንዳለ ይቀጥላል። የሚያውቀው መምህር ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ተመሳሳይ ትንንሽ አምፖሎችና ሽቦ ይዞ ይገባል። ከማብራቱ በፊት «የትኛው የበለጠ ይበራል?» ብሎ እጅ ያስወጣል። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ክፍሉ ውስጥ የሚነሣው ክርክር ትምህርቱ ራሱ ነው። ፒጂዲቲ ሊሰጥ የሚገባው ይህን ዓይነቱን ዕውቀት ነው። ሠልጣኝ በየምዕራፉ ተማሪ የት እንደሚሳሳት በማስታወሻ ደብተር እየመዘገበ ቢወጣ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ጥራዝ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው በፕራክቲከም፣ ማለትም በትምህርት ቤት በሚደረገው የማስተማር ልምምድ ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱንና ክፍሉን ይመለከታል፣ ከዚያ አጋዥ መምህር ከሚባለው የትምህርት ቤቱ ነባር መምህር ሥር ሆኖ ያግዛል፣ በመጨረሻም ክፍል ተረክቦ ያስተምራል። ፕሮግራሙ በብዛት የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲውና የትምህርት ቤቱ ካላንደር ሳይገጣጠሙ ሠልጣኙ በፈተና ሳምንት ይደርሳል። አጋዥ መምህሩ ክፍሉን አስረክቦ ይወጣል፤ የሚያይ ሰው ከሌለ ደግሞ የሚያርም የለም። የዩኒቨርሲቲው ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ሠልጣኙ የተለማመደውን አንድ ትምህርት ያሳያል፣ እውነተኛው ችግር ግን በሌሎቹ ቀናት ነው ያለው። ሠልጣኙ ራሱ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ። አጋዥ መምህሩ በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉውን ተቀምጦ እንዲያይለት ከመጀመሪያው ቀን መስማማት፣ ከዚያም «እንዴት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ጥያቄ ስጠይቅ ስንት ሰከንድ ጠበቅሁ? ከኋላ ወንበር ማንን ጠየቅሁ?» ብሎ የሚቆጠር ነገር መጠየቅ። አዲስ መምህር ጠይቆ መልሱን ራሱ ይመልሳል፣ ፊቱን ለሰሌዳው ሰጥቶ ያወራል፣ የፊት ወንበሮቹን ብቻ ያያል። እነዚህ ሦስቱ የሚታረሙት ሌላ ዓይን ሲያያቸው ነው።

የዕለት የትምህርት ዕቅድ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። «ተማሪዎች የኦምን ሕግ ያውቃሉ» የሚል ዓላማ አይመዘንም። «ቮልቴጅና ከረንት ተሰጥቷቸው ሬዚስታንስን ያሰላሉ፣ አሃዱንም በትክክል ይጽፋሉ» የሚለው ግን በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሊታይ ይችላል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲከፋፈል ለክለሳ 5፣ ለመነሻ ጥያቄና ግምት 5፣ ለማሳያና ማብራሪያ 12፣ በጥንድ ለሚሠራ መልመጃ 13፣ ለማጠቃለያና ለአንዲት የመውጫ ጥያቄ 5 ደቂቃ ቢያዝ ጥሩ መነሻ ነው። ጀማሪዎች ማብራሪያውን 30 ደቂቃ ያደርጉትና መልመጃው የቤት ሥራ ይሆናል። መምህሩ ያልገባውን ተማሪ የሚያውቀው ፈተና ሲያርም ነው፤ ያኔ ደግሞ ምዕራፉ አልፏል። 50 እና 60 ተማሪ ባለበት ክፍል በጥንድ ማሠራት ከቡድን ሥራ ይቀላል፤ ወንበር ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፣ ተደብቆ የሚቀመጥም ይቀንሳል።

ተግባራዊ ምርምሩ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱ የሚመነጨው ከጥያቄው ስፋት ነው። «የተማሪዎች ውጤት ለምን ዝቅ አለ?» በአንድ ሠልጣኝና በጥቂት ሳምንታት አይመለስም። «በ9ኛ ለ ክፍል የሒሳብ የቤት ሥራ የማይሠሩትን ተማሪዎች ቁጥር እንዴት ልቀንስ?» ግን ይመለሳል። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ማን እንደሠራና እንዳልሠራ ይመዘገባል፣ ያልሠሩት ምክንያታቸውን ይጠየቃሉ፣ አንድ ለውጥ ብቻ ይደረጋል፤ ለምሳሌ ከአሥር ጥያቄ ወደ ሦስት ዝቅ ማድረግና የመጀመሪያውን ክፍል ውስጥ አስጀምሮ መላክ። ከዚያ እንደገና ይቆጠራል። ሁለት ሦስት ለውጥ ባንድ ጊዜ ያደረገ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ምርምር ማስረከብም የተለመደ ነው። ይህ ሠልጣኙን በገዛ ክፍሉ ላይ መመርመር የሚማርበትን ብቸኛ አጋጣሚ ያሳጣዋል።

ዲፕሎማው ሲገኝ ሥልጠናው አላለቀም። አዲስ የተቀጠረ መምህር በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር ሁለት ዓመት የሚወስድ የትውውቅ ጊዜ ከአማካሪ መምህር ጋር ያሳልፋል፤ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በሙያ ማሻሻያ እንዲሳተፍ ይጠበቅበታል። የሙያ ፈቃድ አሰጣጡም ለብቻው ነው፤ የጽሑፍ ምዘናና የሥራ ማስረጃ የተሰበሰበበት ማኅደር አለው። የፕራክቲከም ዕቅዶቹን፣ የተማሪ ሥራ ናሙናዎችንና ያረማቸውን ፈተናዎች ገና ከሥልጠናው ጀምሮ በአንድ ፋይል የያዘ ሰው ማኅደሩን ሲያዘጋጅ አይንገላታም።

ማስረጃን በተመለከተ፣ ምዝገባ ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ መጀመር ያዋጣል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቁበት ተቋም በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው የሚላክ ስለሆነ ይዘገያል። የወጪ መጋራት ውሉን ያልጨረሰ ምሩቅ ኦርጂናል ማስረጃውን ለማውጣት ሊቸገር ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ወዲህ የተመረቀ ሰው ፈተናውን ያለፈበትን ማስረጃ አብሮ ይያዝ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ደግሞ አስቀድሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል።

ፒጂዲቲ ይዞ ወደ አሜሪካ የሄደ መምህር ወረቀቱ በራሱ የማስተማር ፈቃድ እንደማይሆንለት ይወቅ። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ነው። ዲግሪውም ዲፕሎማውም ኮርስ በኮርስ ይገመገማሉ፤ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን በመሰሉ ብዙ ግዛቶችም ፕራክሲስ የሚባለው ፈተና አለ። ለግምገማው የኮርስ መግለጫዎች ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ የእያንዳንዱን ኮርስ መግለጫ በዩኒቨርሲቲው ማኅተም አስመትቶ ከአገር መውጣት ኋላ ላይ ከሩቅ ሆኖ ሬጅስትራር ከመለመን ያድናል።