«ቆሽቷ አርሮ ነው» እና ሌሎች ስለ ስኳር ሕመም የሚወሩ ወሬዎች

ጎጃም ውስጥ አንዲት ወጣት ስኳር አለባት ከተባለ ቡና በተፈላበት ሁሉ ወሬው አይጠፋም። ወንዱ ሲታመም ግን ዝም ይባላል። የማወራው ስለ አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ነው፤ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን በመርፌ ሳይወስዱ ውሎ ማደር ስለማይቻልበት።

«ቆሽቷ አርሮ ነው የያዛት።»

አባባሉ አካሉን አልሳተም፤ ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት ነው። የሚያጠፋው ግን ንዴት አይደለም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሕዋሳት እንደ ጠላት ይወጋቸዋል። ቆሽት የሚያሳርረውስ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኑሮ ነው።

«እሷን ያገባ ልጆቹን ስኳር ያወርሳል።»

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ልጅቷ መርፌ እንደምትወጋ ሲሰማ ቃል ይታጠፋል። ስለ ሙሽራው ጤና የጠየቀ የለም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ግምት ደግሞ ወሬውን ይገለብጠዋል፦ ታማሚው አባት ከሆነ ከ17 ልጆች 1 ያህሉ ሊይዘው ይችላል። እናት ከሆነች ከ25 ዓመቷ በፊት ከወለደቻቸው ከ25 አንዱን፣ ከዚያ በኋላ ከወለደቻቸው ደግሞ ከ100 አንዱን ብቻ። ይህ ሳይታወቅ ልጅቷ የኢንሱሊን ብልቃጧን ከጎታ ሥር ትደብቃለች፤ ሰው በበዛበት ቀን መርፌዋን ትዘላለች።

«ስኳሯ ከተስተካከለ ምን አነሳት?»

መለኪያው የሚያሳየው ደሟን እንጂ ሆዷን አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአማካይ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በሕመሙ እንደሚጨነቁና ስኳራቸው ድንገት እንዳይወርድ እንደሚፈሩ ያሳያሉ። ሰውነታቸውም አንድ ቦታ አይረጋም። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ብዙዎች የሚፈልጉት ኢንሱሊን ይጨምራል፣ ሲጀምር ይቀንሳል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ስኳር ቶሎ ይወርዳል፤ ወደ መጨረሻው ግን የመርፌው መጠን እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ በወለደች ማግስት ደግሞ በአንዴ ያሽቆለቁላል። ይህን የማያውቅ «አትጠነቀቅም» ብሎ ይፈርዳል። በዚያ ላይ የእኛ ቤት ወግ አለ፦ መርፌዋን ተወግታ ምጣድ ላይ የተቀመጠች ሴት እንግዳው ሳይበላ አትቀምስም። ኢንሱሊኑ እንግዳ አይጠብቅም።

«ጠበል የገባ መርፌ ያቆማል።»

ጠበሉም ጸሎቱም ከመርፌው ጋር ይሄዳል። መርፌ የተወ ሰው ግን፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

«ወንድ ልጅ አይከብደውም።»

አይናገርም እንጂ ይከብደዋል። ስንፈተ ወሲብ ስኳር ባለባቸው ወንዶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሕክምናም አለው፤ ግን ለሐኪም የሚነግር ጥቂት ነው። ቢቸና አካባቢ ጤፍ አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ጉልበቱ ስኳሩን ይበላዋል። ማታ አረቄ ሲጨምርበት፣ ጉበቱ አልኮሉን በማስወገድ ስለሚጠመድ የወረደውን ስኳር አይተካለትም። ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ያልበዋል፤ ጓደኞቹም «ሰክሯል፣ ይተኛ» ብለው ጋቢ ያለብሱታል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጋቢ ሳይሆን በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ነው፤ መዋጥ ካቃተው ደግሞ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ።