ሶፍትነር ነው ብለው የሚሸጡላችሁ ሁሉ ሶፍትነር አይደለም

እኔ ድሬዳዋ የማኪያቶ ማሽን ነው የምጠግነው፣ የስራዬ ግማሹ ከኖራ ጋር መታገል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የኛ ከተማ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይመጣል፣ ጠጣር ውሃ የሚባለው እሱ ነው። ሶፍትነር የሚባለው ደግሞ ይሄን ውሃ የሚያለሰልስ እቃ ነው። በቅርቡ አንድ ካፌ ቦይለር ስፈታ ሄተሩ ጣት የሚያክል ነጭ ቅርፊት ለብሶ በመዶሻ ቀስ እያልኩ ነው ያራገፍኩት። ባለቤቱ ደግሞ "እንዴ፣ እኔ እኮ ሶፍትነር አለኝ" ብሎ ወስዶ አሳየኝ፣ ቧንቧው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ትንሽ ሳጥን ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ብዙ ብር አውጥቶበታል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልጻፍ ብዬ ነው።

"ኤሌክትሮኒኩም በጨው የሚሰራውም አንድ ስራ ነው የሚሰሩት፣ አንዱ ብቻ ጨው ይፈልጋል"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በጨው የሚሰራው ውስጡ ሬዚን የሚባሉ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ኳሶች አሉት፣ ኳሶቹ ሶዲየም ይዘው ይቀመጣሉ፣ ውሃው ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዘው በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ሬዚኑ ሲሞላ በጨው ውሃ ታጥቦ የያዘውን ወደ ፍሳሽ ይጥልና እንደገና ይሰራል። ማለትም ካልሲየሙ በእርግጥ ከውሃው ወጥቷል። ኤሌክትሮኒኩ (ያ ሽቦ የተጠመጠመበት ሳጥን) ግን ከውሃው ምንም አያወጣም! ሀሳቡ ካልሲየሙ ግድግዳ ላይ ከመጋገር ይልቅ ውሃው ውስጥ ደቃቅ ሆኖ ተንሳፍፎ እንዲሄድ ማድረግ ነው። በጠብታ የሚለካ የጥንካሬ (ውሃው የያዘው ካልሲየምና ማግኒዚየም) መለኪያ ገዝታችሁ ከእቃው በፊትና በኋላ ያለውን ውሃ ብትለኩ ቁጥሩ ያው ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ተራውን የገላ ሳሙና ፋቅ አድርጋችሁ በግማሽ ጠርሙስ ውሃ ነቅንቁት (የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ እሱ በጠጣር ውሃም አረፋ ይሰጣል)፣ ሶፍትነር ያለፈው ውሃ አረፋው ይቆማል፣ ያላለፈው ደፍርሶ ወተት መስሎ ይቀራል።

"እሺ ኤሌክትሮኒኩ ማጭበርበሪያ ነው በለና"

አልልም። ፈተናዎች ላይ ውጤቱ ይለያያል፣ አንዳንዱ ቅርፊቱን የተወሰነ ቀንሷል፣ አንዳንዱ ምንም ለውጥ አላሳየም፣ በውሃው አይነት፣ በፍጥነቱና በሙቀቱ ይወሰናል። ግን የሚሸጡት ሰዎች ራሳቸው ውጤቱ ውሃው ቆሞ ሲቆይ ይጠፋል ነው የሚሉት፣ እኛ ጋ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሮቶ ውስጥ ቀናት ይተኛል። ከሮቶ በፊት ማሰር ብር መጣል ነው። መብራት ሲጠፋም ስራ ያቆማል። ለቦይለር በሱ ብቻ ተማመኑ ብዬ ማንንም አልመክርም።

"በጨው ከሰራ ውሃው ጨው ጨው ይላል"

ጨው ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፣ ወደ ውሃችሁ የሚገባው ሶዲየሙ ብቻ ነው፣ ክሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር በፍሳሽ ይወጣል። ከታጠበ በኋላ ጨው ጨው ካለ በደንብ አልተለቀለቀም ማለት ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፣ በሊትር 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው ውሃ ሲለሰልስ ወደ 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። የአለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም በታች ይላል፣ ስለዚህ ለጤነኛ ሰው ብዙ አይደለም፣ ግን ደም ግፊት ወይ የኩላሊት ችግር ላለበት እና ለህጻን ወተት መበጥበጫ የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ከሶፍትነሩ ውጪ አድርጉት። አትክልትም በለሰለሰው ውሃ አታጠጡ።

"ጠጣር ውሃ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሰራል፣ ለዛ ነው የምገዛው"

ይሄን እናቶች ማንቆርቆሪያቸውን ከፍተው እያሳዩ ነው የሚነግሩኝ፣ "ብረት ላይ እንዲህ ካደረገ ሆዳችን ውስጥማ አስበው" ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል ግን ሆድ ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ውሃ አይፈላም። የአለም ጤና ድርጅትም የውሃ ጥንካሬ ሰው ይጎዳል የሚያስብል አሳማኝ ማስረጃ የለም ነው የሚለው። እንደውም ከምግብ ጋር የሚገባ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለውን በምግብ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ ብዙው የኩላሊት ጠጠር ደግሞ የሚሰራው ከካልሲየምና ከኦክሳሌት ነው። ጠጠር የሚያመጣው ይበልጥ ውሃ አለመጠጣት ነው፣ በድሬ ሙቀት ላባችሁ እየወጣ ውሃውን ፈርታችሁ ትንሽ ከጠጣችሁ እሱ ነው የሚያሳስበኝ። ጠጠር ያለበት ሰው ሀኪሙን ይጠይቅ እንጂ ሶፍትነር ሻጭን አይጠይቅ።

"ሶፍትነር ካለ ውሃው ተጣርቷል"

አልተጣራም። ጀርም አይገድልም፣ ናይትሬትም ፍሎራይድም አያወጣም፣ ሬዚኑ የሚይዘው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ብቻ ነው፣ ፍሎራይድ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። በስምጥ ሸለቆ በኩል ወንጂ አካባቢ ያለው ችግር ፍሎራይድ ነው፣ እዛ ሶፍትነር መግዛት ምንም አይጠቅምም፣ ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ እንደውም ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው።

"ዋናው መግዛቱ ነው፣ ከዛ ራሱ ይሰራል"

በጨው የሚሰራው አውቶማቲክ ሶፍትነር የጨው ውሃውን ስቦ ሬዚኑን የሚያጥበው በውሃ ግፊት ነው፣ ብዙዎቹ ቢያንስ 1.5 ባር ይፈልጋሉ። ሮቶ ጣራ ላይ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢቀመጥ የሚሰጣችሁ ግማሽ ባር ነው፣ 10 ሜትር ነው 1 ባር የሚሆነው። ፓምፕ ከሌለ ጨው በርሜሉ ውስጥ እንደሞላ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም "ጨው አይበላም፣ ቆጣቢ ነው" እያለ ይደሰታል፣ ውሃው ግን እንደነበረ ነው። ደቃቁን የገበታ ጨውም አትጨምሩበት፣ ታች ይጋገራል፣ ንጹህ ሻካራ ጨው ነው የሚፈልገው።

ለዛ ካፌ ባለቤት በጨው የሚሰራ፣ በእጅ የሚታጠበውን ትንሹን የብረት ሲሊንደር ሶፍትነር ነው ያስገባሁለት፣ መብራትም አይፈልግም። የጥንካሬ መለኪያው ቁጥር ከፍ ሲል ጨው ጨምሮ ያጥበዋል። ቤት ውስጥ ማንቆርቆሪያ ብቻ ለሚያስቸግራችሁ ግን ምንም አትግዙ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ ወይ አቼቶ በውሃ አድርጋችሁ አሙቁትና ትንሽ አቆይታችሁ እጠቡት፣ ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ይለቃል።