«ራንክ አናደርግዎትም»፦ የአሜሪካ ሬዚደንሲ ማችና የፕሮግራሞች ዝምታ

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ለመሥራት በአብዛኛው ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ የሥራ ላይ ሥልጠና፣ መግባት ግድ ነው። የሬዚደንሲ ቦታ ግን እንደ ሌላ ሥራ አመልክቶ፣ ተፈትኖ፣ «ተቀጥረሃል» ተብሎ የሚያዝ አይደለም። አብዛኛው የሚገኘው በማች ነው፤ ማች ሐኪሞችንና የሥልጠና ፕሮግራሞችን በሁለቱም ምርጫ መሠረት በኮምፒውተር የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። ከኢትዮጵያ ተመርቀው የሚሄዱ ሐኪሞችም፣ ስቴፕ የሚባሉትን የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች ካለፉ በኋላ የሚያንኳኩት ይህንኑ በር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጸው ማመልከቻ ይገባል፤ ቀጥሎ ለወራት ኢንተርቪው ይደረጋል። ኢንተርቪው ሲያልቅ ሁለቱም ወገን ዝርዝር ይሠራል። ሐኪሙ ፕሮግራሞቹን ከሚወደው ጀምሮ ይደረድራል፣ ፕሮግራሙም ሐኪሞቹን። ራንክ ማድረግ የሚባለው ይኼ ነው። ፕሮግራሙ ኢንተርቪው ያደረገውን ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ የማስገባት ግዴታ የለበትም። ያላስገባውን ሰው ደግሞ፣ ሁሉም ሌላ አመልካች ቢቀርበት እንኳ፣ በማች ሊያገኘው አይችልም።

ታዲያ ይህን ለሰውዬው ይነግረዋል? አብዛኛውን ጊዜ አይነግረውም። ኢንተርቪው ላይ ሞቅ ያለ ፈገግታ አለ፣ «ስለመጡ ደስ ብሎናል» የሚል ኢሜይል አለ፣ ከዚያ ዝም። አልፎ አልፎ ግን ቁርጡን የሚያሳውቁ ፕሮግራሞች ያጋጥማሉ፦ «ይቅርታ፣ ዘንድሮ ራንክ አናደርግዎትም»።

የዝምታው ምክንያት ክፋት ብቻ አይደለም። ማቹን የሚያካሂደው ድርጅት ደንብ ጥብቅ ነው። ፕሮግራም አመልካቹን «ስንተኛ ታደርገናለህ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። የት የት ኢንተርቪው እንዳደረገም መጠየቅ አይፈቀድለትም። በራስ ፈቃድ «አንደኛ አደርጋችኋለሁ» ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም የሚያስረው ቃሉ ሳይሆን የገባው ዝርዝር ነው። በዚህ ላይ ዝርዝሩ እስኪቆለፍ ድረስ ይቀያየራል። ስለዚህ ብዙዎቹ ነገር ከማብዛት ዝምታን ይመርጣሉ።

ደንቡ ለምን እንዲህ እንደጠበቀ የሚገባን ወደ ኋላ ስንመለስ ነው። በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሆስፒታሎች ተማሪ ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። አንዳንዱ ሊመረቅ ሁለት ዓመት የቀረውን ልጅ ሳይቀር ያስፈርም ነበር። በ1945 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተስማምተው ሽሚያውን ወደ መጨረሻው ዓመት ገፉት። ያኔ ችግሩ መልኩን ቀየረ። ተማሪው ለቀረበለት ቦታ መልስ እስኪሰጥ 10 ቀን ይጠበቅ የነበረው እያጠረ ሄደ። በ1949 ግማሽ ቀን መጠበቅ እንኳ በዛ ተባለ። ልጁ ስልክ እንደያዘ «እሺ ወይስ እምቢ?» ይባል ነበር። ማች በ1952 የተጀመረው ይህን ጭንቀት ለመገላገል ነው።

አሁን ያለውን ስሌት ኢኮኖሚስቱ አልቪን ሮዝና ኤሊዮት ፔራንሰን አሻሽለውት ከ1998 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ሮዝ በዚህ ዓይነት ጥናት በ2012 ከሎይድ ሻፕሊ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ስሌቱ የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ነው።

አንዲት ሐኪም እንውሰድ። ሦስት ኢንተርቪው አላት። አንደኛ ያደረገችው ፕሮግራም ከነጭራሹ ራንክ አላደረጋትም እንበል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ እዚያ ይሞክርላታል፣ ስሟን ያጣል፣ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሁለተኛው ጋ ቦታዎቹ ለጊዜው ተይዘው ቢሆኑም፣ ፕሮግራሙ ከያዛቸው ሰዎች ከአንዱ አስበልጦ ራንክ ካደረጋት ያ ሰው ይወጣና እሷ ትገባለች። የወጣው ደግሞ ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል። የማይሆነውን አንደኛ ማድረጓ አንዲት ነጥብ አላስቀነሳትም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ «አይፈልጉኝም» በሚል ፍርሃት የልባቸውን ፕሮግራም ወደ ታች የሚያወርዱ ሐኪሞች ዛሬም አሉና።

እንግዲያው ማሳወቁ ምን ይጠቅማል? ለስሌቱ ምንም። ለሰውየው ግን ብዙ። ከውጭ ተመርቀው የሚያመለክቱት ብዙ ጊዜ ያላቸው ኢንተርቪው በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለት ኢንተርቪው ብቻ ያለው ሰው አንደኛው እንደማይሆን በጊዜ ቢያውቅ፣ የዓመቱን ተስፋ በልኩ ያደርጋል። ቪዛውን ያስባል፣ አማራጭ ሥራ ይፈልጋል፣ ያልተያዙ ቦታዎች ለሚታደሉበት ለሶፕ ይዘጋጃል። በእኔ እምነት ቁርጡን የሚናገር ፕሮግራም ለአመልካቹ ክብር ሰጥቷል። ኢሜይሉ ያማል፤ ባዶ ተስፋ ግን የባሰ ያማል።

ሶፕ የሚካሄደው በማች ሳምንት ሲሆን በ2012 ነው የተጀመረው። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ የሚደርሰው መልእክት ማች ማድረጉን ወይም አለማድረጉን ብቻ ይነግረዋል። ማች ላላደረገው የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። ማመልከት የሚችለውም ቢበዛ 45 ፕሮግራም ላይ ነው። ፕሮግራሙ ቀድሞ ካላነጋገረው ራሱ ደውሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ሰኞ ዕለት ድንገት ከሚነቃ ሰው ይልቅ፣ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሰነዱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

የት እንደደረሰው የሚታወቀው አርብ ነው፣ የማርች ወር ሦስተኛው አርብ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። እዚያ ልጁ ሆስፒታል ጓሮ መኪና ውስጥ ስልኩን ይከፍታል፤ እዚህ እናት ራት አቅርባ ስልኩ እስኪጠራ ትጠብቃለች።