አሉሚኒየም-26 ምንድን ነው?

አሉሚኒየም-26 ከተለመደው አሉሚኒየም-27 በአንድ ኒውትሮን የሚያንስ ሬዲዮአክቲቭ (በራሱ የሚፈርስ) አይሶቶፕ፣ ማለትም የዚያው ንጥረ ነገር ክብደቱ የተለየ ዓይነት አቶም ሲሆን፣ ከመጠኑ ግማሹ በ717,000 ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ማግኒዚየም-26 ይለወጣል። የሥርዓተ ፀሐይ ዕድሜ ወደ 4.567 ቢሊዮን ዓመት ስለሚጠጋ፣ ሥርዓቱ ሲወለድ አብሮት የነበረው አሉሚኒየም-26 ከጠፋ እጅግ ቆይቷል። ተመራማሪዎች የሚለኩት እሱን ሳይሆን ትቶት የሄደውን ማግኒዚየም ነው።

ነገር ግን ማግኒዚየም-26 ብርቅ አይደለም፤ ከማንኛውም ማግኒዚየም 11 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። ታዲያ ከአሉሚኒየም የመጣው ከቀድሞው በምን ይለያል? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 በሰሜን ሜክሲኮ፣ ቺዋዋ ግዛት ከወደቀው የአዬንዴ ሜትዮራይት (ከጠፈር የመጣ ድንጋይ) ነው። በድንጋዩ ውስጥ ካልሲየምና አሉሚኒየም የበዛባቸው ነጫጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከተለካ የሥርዓተ ፀሐይ ጠጣር ነገሮች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የጄራልድ ዋሰርበርግ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1976 ከእንዲህ ዓይነት ቅንጣት የተለያዩ ማዕድናትን ነጥሎ ሲለካ፣ ከማግኒዚየም አንጻር አሉሚኒየም በበዛባቸው ማዕድናት ትርፉ ማግኒዚየም-26 በዚያው ልክ በዝቶ አገኘው። የዚህ አሳማኝ ማብራሪያ አሉሚኒየም-26 ማዕድናቱ ሲጠጥሩ ገና ሳይጠፋ በውስጣቸው ነበረ የሚለው ነው። በኋላ እንደተሰላው፣ በዚያን ጊዜ ለ100,000 የአሉሚኒየም-27 አቶሞች 5 ያህል የአሉሚኒየም-26 አቶሞች ነበሩ።

ጥምርታው በታወቀ ፍጥነት ስለሚቀንስ እንደ ሰዓት ያገለግላል። ኮንድሩል የሚባሉት፣ ቀልጠው የረጉ ጥቃቅን የድንጋይ እንክብሎች አነስተኛ ጥምርታ ስላላቸው፣ ብዙዎቹ ከነጫጮቹ ቅንጣቶች 2 ወይም 3 ሚሊዮን ዓመት ዘግይተው እንደተፈጠሩ ይገመታል። ሰዓቱ የሚታመነው ግን አሉሚኒየም-26 በፀሐይ ዙሪያ በነበረው ጋዝና አቧራ ሁሉ በእኩል ተሰራጭቶ ከነበረ ብቻ ነው፤ ዩራኒየም ወደ እርሳስ በሚለወጥበት ፍጥነት ላይ በተመሠረተ ሌላ ሰዓት የተለኩ አንዳንድ ኮንድሩሎች ዕድሜያቸው ከነጫጮቹ ጋር እኩል ሆኖ በመገኘቱ ክርክሩ አልተዘጋም።

አይሶቶፑ ሲፈርስ ሙቀትም ይሰጣል፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሪ ይህን የሙቀት ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1955 ጠቁሞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመታት ውስጥ የተገነቡ፣ ስፋታቸው በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር አካላት በዚህ ሙቀት ቀልጠው ብረታቸው ወደ መሐል ሰመጠ፤ ዘግይተው የተገነቡት ግን ሙቀቱ ስለቀነሰ ሳይቀልጡ ቀሩ። ስለዚህ ጥንታዊ መልካቸውን የጠበቁት፣ አብዛኞቹ ኮንድሩሎችን የያዙት ኮንድራይት ሜትዮራይቶች የመጡባቸው አካላት፣ የብረት ሜትዮራይቶች ከተገኙባቸው ከብዙዎቹ የቀለጡ አካላት ይልቅ በዕድሜ ያንሳሉ።